ልጆቹን ከጎረቤት ቤት መልሷቸው

መርዶ ሊነጋጋ ሲል ይነገራል። ግቢው በሰው ከመሙላቱ በፊት አንዲት ደግ ጎረቤት ልጆቹን ሰብስባ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። ቴሌቪዥን ይከፈትላቸዋል፤ ሻይና ዳቦ ይቀርብላቸዋል። ከአጥሩ ማዶ ዋይታው ይሰማል፤ ሲጠይቁ «ምንም አይደለም፣ ብሉ» ይባላሉ። ይህ በክፋት የሚደረግ አይደለም። ግን ከዚያ በኋላ ለወራት የምንታገለው የሌሊት ጩኸት፣ አልጋ ላይ መሽናት፣ ትምህርት ቤት መጥላት፣ ሥሩ ሲቆፈር ብዙ ጊዜ እዚያች ሳሎን ይደርሳል። ልጁ ትልቅ ነገር እንደተፈጠረ ያውቃል። የሚነግረው ሲያጣ የጎደለውን በራሱ ይሞላዋል፤ በራሱ የሚሞላው ደግሞ ከእውነቱ የባሰ ነው።

ይህን የምጽፈው ልጆቼ አባታቸውን ካጡ በኋላ ከተማርኩት፣ ከዚያም በብዙ ለቅሶ ቤት ከእናቶችና ከአያቶች ጋር ተቀምጬ ካየሁት ነው። አብዛኛውን የተማርኩት አበላሽቼ ነው።

መጀመሪያ ማን ይንገር? በሕይወት ካሉት ውስጥ ለልጁ በጣም የሚቀርበው ሰው፤ አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ድምፅዋ እንቢ ካላት አክስት ወይም አያት ትናገር፤ እናት ግን ልጁን አቅፋ ትቀመጥ። ከቀብር በፊት፣ ከተቻለ በዚያው ቀን መሆን አለበት። በሙስሊም ቤተሰብ ቀብሩ በዕለቱ ስለሚፈጸም ጊዜው በጣም አጭር ነው፤ ስለዚህ አስከሬኑ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ጓዳ ይግባ። በር ዝጉ፣ ስልክ አጥፉ፣ ዓይናችሁ ከልጁ ዓይን ጋር እኩል እስኪሆን ዝቅ በሉ። ንግግሩ ከአራት ዓረፍተ ነገር ብዙም አይለፍ፦ «በጣም የሚያሳዝን ነገር ልነግርህ ነው። አባዬ ዛሬ ሌሊት ሞተ። ልቡን በጣም አሞት ነበር፤ ሐኪሞቹ ሊያድኑት ሞክረው አልቻሉም። ከእንግዲህ ተመልሶ አይመጣም።» ከዚያ ዝም በሉ። ትንንሾቹ «ሞተ» የሚለውን ቃል ሊፈታላቸው ይገባል፦ አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አያመውም፣ አይበርደውም። የመጨረሻዋ ትንሽ ነገር ትመስላለች። አባቱ በክረምት የተቀበረ ልጅ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚያስበው እሷን ነው።

ጣጣ የሚያመጡት የምንመርጣቸው ለስላሳ ቃላት ናቸው። «ተኝቷል» የተባለ የአራት ዓመት ልጅ መኝታ ይፈራል፤ እናቱ ቀን ጋደም ስትል ይቀሰቅሳታል። «እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው» የተባለ ልጅ ደግሞ እሱንም እንዳይወደው ይሰጋል። እምነታችሁን ደብቁ ማለቴ አይደለም። ነፍሱ ወዴት እንደሄደች የምታምኑትን ንገሩት፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጀመሪያ መሞቱ፣ ቀጥሎ እምነቱ ይሁን። ከሁሉም የከፋው «ውጭ አገር ሄዷል» ነው። ልጁ ስልክ በጠራ ቁጥር ይሮጣል፤ አባቱ ያልደወለለት ስለማይወደው ይመስለዋል። በመጨረሻም እረፍት ሰዓት ላይ ከሌላ ልጅ አፍ «አባትህ እኮ ሞቷል» የሚለውን ይሰማል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእናንተን ቃል ማመን ያቆማል። እንዲህ ብላችሁ ከነበረ አሁንም መመለስ ይቻላል፦ «እንዳታዝን ብዬ እውነቱን ሳልነግርህ ቆየሁ፤ ተሳስቻለሁ» ብላችሁ ጀምሩ። ይቆጣችኋል። ይቆጣ።

ልጅ በሆዱ የሚይዛቸው አራት ጥያቄዎች አሉ፤ ባይጠይቃችሁም መልሱለት። የመጀመሪያው «እኔ ነኝ ያስሞትኩት?» ነው። ከሰባት ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ በልቡ ያሰበው ነገር የሚፈጸም ይመስለዋል፤ አባቱ በቆጣው ቀን «በሞተ» ብሎ አስቦ ከነበረ ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ ይቀመጣል። «አንተ ያሰብከው፣ የተናገርከው፣ ያደረግከው ምንም ነገር አባዬን አላስሞተውም» በሉት፤ ከሳምንት በኋላም ድገሙለት። ሁለተኛው «እኔንም ይይዘኛል?» ነው። በተለይ «ታሞ ሞተ» ብቻ ከተባለ፣ ጉንፋን የያዘው ዕለት በፍርሃት ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ የበሽታውን ስም ንገሩት፤ ከጉንፋንና ከትኩሳት እንደሚለይም አስረዱት። ሦስተኛው «አንቺስ ትሞቻለሽ?»፣ አራተኛው «ታዲያ ማን ያሳድገኛል?» ነው። እዚህ ላይ «እኔ አልሞትም» ብላችሁ አትማሉ። «አሁን ጤነኛ ነኝ፤ ረጅም ዘመን አብሬህ ልኖር ነው የማስበው። እኔን አንድ ነገር ቢያገኘኝ ደግሞ እትዬ አለች፤ አነጋግሬያታለሁ» በሉት። በእርግጥም አስቀድማችሁ አነጋግሯት።

ከተነገረው በኋላ ልጁ አምስት ደቂቃ አልቅሶ «ኳስ ልጫወት?» ሊል ይችላል። ለቀስተኛው «ልቡ ደንዳና ነው» ይላል። አይደለም፤ የልጅ ሐዘን እንደ በልግ ዝናብ መጣ መለስ ይላል። ይጫወት። ከአምስት ዓመት በታች ያለው ነገም ከነገ ወዲያም «አባዬ መቼ ይመጣል?» ይላል፤ ሞት የማይመለስ ነገር መሆኑ ገና አይገባውም። ሃያ ጊዜ ቢጠይቅ ሃያ ጊዜ በዚያው ቃል መልሱለት። አሻንጉሊት ገንዞ ለቅሶ ለቅሶ ሲጫወት ብታዩት «አታሟርት!» ብላችሁ አትቆጡ፤ ያየውን ነገር የሚፈጨው እንዲህ ነው። ዐሥር ዓመት ያለፈው ግን ሞትን ከእናንተ እኩል ያውቀዋል፤ ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ «ተናገር» ብትሉት አይናገርም። ጎን ለጎን ስትሄዱ፣ ልብስ ስታሰጡ፣ ሽንኩርት ስትልጡ ነው ወሬው የሚወጣው።

ወደ ለቅሶ ቤቱ እንመለስ። ልጆቹ ይመለሱ፤ ድንኳኑ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይቀመጡ ማለት ግን አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ተጠሪ ትልቅ ሰው መድቡ። ይህ ሰው ሥራው ልጁን መያዝ ብቻ ነው፦ የሚያየውን ቀድሞ ይነግረዋል («ሰዎች ደረታቸውን ይመታሉ፣ ይጮኻሉ፤ አዝነው ነው፤ አንተን ማንም አይነካህም»)፣ ሲደክመው ያወጣዋል፣ ያበላዋል። ቀብር ይሂድ አይሂድ የሚለውን ስድስት ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ ጠይቁት፤ ምን እንደሚያይ ዘርዝራችሁ ንገሩት፤ ሐሳቡን ቢቀይርም አትጫኑት። አስከሬን እንዲስም ወይም እንዲያይ የሚገደድ ልጅ መኖር የለበትም። ተጠሪው ካልተመደበ ደግሞ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። እያንዳንዱ ለቀስተኛ ልጁን ጭብጥ አድርጎ ይይዝና «ወይኔ! ምን ይውጣችሁ ይሆን! ማን ያሳድጋችሁ!» እያለ ያለቅስበታል። ለትልቅ ሰው ይህ ሙሾ ነው፤ ለልጁ ግን በአዋቂ አፍ የተነገረ ፍርድ ነው።

ለበኩር ልጅ የምትነገረዋን ነገር ለብቻዋ ማንሳት አለብኝ፦ «አይዞህ፣ ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ፤ እናትህ እንዳታይህ አታልቅስ።» ሽማግሌው፣ አጎቱ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ሁሉም ይላታል። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን ቃል በቁም ነገር ይወስደዋል። ማልቀስ ያቆማል፣ ሌሊት በር መቆለፉን ደጋግሞ ያያል፣ ታናናሾቹን መቅጣት ይጀምራል፣ ስለ ቤት ኪራይ ያስባል። እኛም «እንዴት ጎበዝ ሆነ!» እንላለን። ዓመት ሳይሞላ ውጤቱ ይወድቃል ወይም ቤት መግባት ይጠላል። ማንም ቢለው እናንተ በግልጽ አፍርሱለት፦ «የቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ። አንተ ልጅ ነህ፤ ሥራህ መማርና መጫወት ነው። ማልቀስ ከፈለግክ አብረን እናለቅሳለን።» በልጆች ፊት ማልቀስ አይጎዳቸውም። የሚጎዳቸው ምክንያቱና ማብቂያው የማይታወቅ ለቅሶ ነው፤ «አባታችሁ ናፍቆኝ ነው፤ አሁን ፊቴን ታጥቤ ራት እሠራለሁ» ካላችሁ ማዘንም መነሳትም በአንድ ጊዜ አዩ።

ድንኳኑ ፈርሶ የዕድሩ ወንበር ከተመለሰ በኋላ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን ሰዓት ነው። ሦስት ነገር በቀን ውስጥ እንዳይናወጥ አድርጉ፦ የመነሻ ሰዓት፣ የራት ሰዓት፣ የመኝታ ሰዓት። ሌላው ቢዘበራረቅ ግድ የለም። እናት በባህሉ ወይም በእምነቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ከቤት ካልወጣች (ሙስሊም ሚስት ዒዳዋ፣ ማለትም ባሏ ከሞተ በኋላ የምትጠብቀው ጊዜ፣ አራት ወር ከዐሥር ቀን ነው) ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰውና የሚመልሰው አንድ የታወቀ ሰው ይሁን። ዛሬ አጎት፣ ነገ ጎረቤት፣ ከነገ ወዲያ ባጃጅ ከሆነ ልጁ ጠዋት ላይ ሆዱን ያመዋል።

ሌሊቱ ከባድ ነው። አብሮ መተኛት በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ገደማ ችግር የለውም። ከዚያ ፍራሹ ከአልጋችሁ አጠገብ፣ ቀጥሎ ወደ በሩ፣ ቀጥሎ ወደ ክፍሉ ይሂድ፤ በእያንዳንዱ ቦታ ሦስት አራት ሌሊት ይቆይ። በአንድ ሌሊት «በቃ ትልቅ ነህ» ብሎ ማባረር እንደገና ከዜሮ ያስጀምራል። የሽንት ነገር ከመጣ አንሶላው ሥር ላስቲክ አንጥፉ፤ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ሻይና ውሃ ቀንሱ፤ ጠዋት ያለ ንግግር አብራችሁ እጠቡት። መቆጣትና በወንድሞቹ ፊት ማሳፈር ነገሩን ያራዝመዋል፤ ምክንያቱም መነሻው ስንፍና ሳይሆን ፍርሃት ነው። ሲሸና የሚያቃጥለው ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ ሽንቱ ይመርመር። በቅዠት ሲነቃ የምታረጋጉበት መላ ደግሞ ይኸውና፦ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ የሞቀ ሽሮ ፊቱ እንደቀረበ ያስብ። በአፍንጫው እስከ አራት እየቆጠረ ያሸታል፣ በአፉ እስከ ስድስት እየቆጠረ እፍ ብሎ ያቀዘቅዘዋል፤ አምስት ጊዜ። ትንፋሹ ሲወጣ ረዘም ማለቱ ነው ልብን የሚያበርደው። ይህን ቀን ላይ እየሳቃችሁ አለማምዱት፤ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር አይገባም።

ትምህርት ቤት ከሰባት ቀን በላይ አታዘግዩ። ከመመለሱ በፊት የክፍል ኃላፊውን አግኙና ሦስት ነገር ንገሩ፦ ምን እንደተፈጠረ፣ ልጁ ምን ያህሉን እንደሚያውቅ፣ ማን እንደሚወስደው። ዕንባ ሲመጣበት ሳያስፈቅድ ለዐሥር ደቂቃ የሚወጣበት ምልክት ይኑረው፤ እስክሪብቶውን ዴስኩ ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ሁለት ሦስት ቀን ግማሽ ቀን ይማር። የክፍል ጓደኞቹ ሲጠይቁት የሚመልሳትን አንድ ዓረፍተ ነገር አብራችሁ አዘጋጁ፦ «አባቴ ሞቷል፤ አሁን ማውራት አልፈልግም።»

እዚህ ላይ በእኛ አገር ልዩ የሆነ ነገር አለ። የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው። መምህሩ ጠዋት ስም ሲጠራ የሞተውን ሰው ስም ይጠራል፤ ልጁም «አቤት» ይላል፤ በየቀኑ። አንዳንዱ ልጅ ይህችን ደቂቃ ፈርቶ ያረፍዳል፤ እኛም ስንፍና ይመስለናል። መምህሩ ለጥቂት ሳምንታት በራሱ ስም ብቻ ይጥራው እንደሆነ ልጁን ጠይቁት። እንቢ የሚሉ፣ የአባታቸው ስም ጮክ ተብሎ እንዲጠራ የሚፈልጉም አሉ። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ደግሞ ይህቺው ስም መልካም በር ትሆናለች፦ ለአባቱ ስሙን ማን አወጣለት? ለምን? በቤት ስሙ ማን ይሉት ነበር? የሚያውቁት አያት ካሉ ልጁን ይዛችሁ ሂዱና ይንገሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እ.ኤ.አ. በ1955 በሃዋይ የካዋይ ደሴት የተወለዱ 698 ልጆችን የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሚ ዌርነርና ባልደረቦቿ ለአሥርተ ዓመታት ተከታትለው ነበር። በከባድ ችግር ውስጥ ካደጉት መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጤናማና ብቁ አዋቂዎች ሆኑ። በእነዚህ ልጆች ሕይወት ውስጥ ደጋግሞ የታየው ነገር ቢያንስ አንድ የማይናወጥ፣ የሚያስብላቸው ትልቅ ሰው መኖሩ ነው፤ ወላጅ የግድ አልነበረም፤ አያት፣ አክስት፣ መምህር ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ሰው አይጠፋም። የሚጠፋው ቀጠሮ ነው። «እኔ አለሁ» የሚለው አጎት ከአርባው በኋላ አይታይም፤ ክፋት ኖሮት ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ «ምን ልርዳ?» ሲላችሁ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ አትለፉት፤ ሥራ ስጡት፦ «በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ልጁን ፀጉር ቤት ውሰደው።» ሁለት ጊዜ ብቻ መጥቶ የሚቀር ሰው ከማይመጣው ይልቅ ይጎዳል፤ ይህንንም በትሕትና ንገሩት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር በቀን ዐሥራ አምስት ደቂቃ ለብቻ ይኑራችሁ። ስልክ የለም፣ ምክር የለም፣ የቤት ሥራ የለም፤ ምን እንደምትሠሩ የሚመርጠው ልጁ ነው። ልጆቹ አራት ከሆኑ በፈረቃ አድርጉት፤ ቀኑ ግን አይዘለል። ሁሉንም በአንድ ለማግኘት ቡና ይመቻል፦ አቦሉ ለወሬ፣ ቶናው ላይ እያንዳንዱ ከሳምንቱ አንድ ከባድና አንድ ደስ ያለው ነገር ይናገር። እናንተም ተናገሩ። ካልፈለገ ይለፍ።

«የሙት ልጅ ነው፣ ተዉት» የምትለዋን ነገር ከቤታችሁ አስወጡ። ደንብ የሌለው ቤት ለልጅ የሚጠብቀው ሰው የሌለው ቤት ነው። ሦስት ደንብ ይበቃል፤ ድሮ የነበሩት ቢሆኑ ይመረጣል። ዱላ ግን ለፈራ ልጅ ፍርሃት መጨመር ነው። ሥራም ስጡት፦ ዕቃ ማጠብ፣ አትክልት ማጠጣት፣ ለታናሹ ማንበብ። ሥራ ያቆመዋል፤ ዕዳና ኪራይ ማወቅ ያጎብጠዋል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር፦ ሞቱን 30 ቀን ሳያልፍ ወረዳ ወይም ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ላይ አስመዝግቡ። ሟቹ የጡረታ መዋጮ ሲከፍል የነበረ ከሆነ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በተተኪነት ሊያገኙ የሚችሉት አበል አለ፤ የሞት፣ የጋብቻና የልጆቹ የልደት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ሲዘገይ ጭንቀቱ ልጆቹ ጋ ይደርሳል።

ዘመድ በቅንነት ልጆቹን መከፋፈል ሲጀምር (አንዱ ለአያት፣ አንዷ ለአክስት) በተቻላችሁ መጠን እንቢ በሉ። አባታቸውን ካጡ በኋላ የቀሩት እርስ በርሳቸው ናቸው። አማራጭ ከጠፋ ቋሚ የስልክ ቀንና የዕረፍት ጊዜ ቀጠሮ ይኑር፤ የሚቀበለው ቤትም የራሱ ልጆች የማይሠሩትን ሥራ አያሠራቸው።

ዕቃውን ቶሎ አታከፋፍሉ። ልብሱ በሰልስት ማግሥት ለድሃ ሲሰጥ፣ ፎቶው ሳጥን ሲገባ፣ ልጆቹ አባታቸው የተሰረዘ ይመስላቸዋል። እያንዳንዱ አንድ ዕቃ ይምረጥ፤ ጋቢ፣ ሰዓት፣ ቀበቶ። በዓል ደግሞ ሳይደርስ አስቡበት። ዶሮው ዐሥራ ሁለት ብልት ሆኖ ሲቀርብ ፈረሰኛው የአባት ነው፤ የመጀመሪያው ፋሲካ ላይ ሁሉም ያቺን ብልት አይቶ ዝም ይላል። ለበኩሩ አትስጡ፤ አባወራነቱን በጓሮ በር መመለስ ነው። ዋዜማውን ከልጆቹ ጋር ተማከሩ። ለአያት የሰጡ ቤቶች አሉ፤ ቆራርሰው ለሁሉም ያጎረሱም አሉ። ሁለተኛው ነገር ደስ ይለኛል።

ሐኪም የሚያስፈልግበትን አትሳቱ። «ሞቼ አባዬ ጋ ልሂድ» የሚል፣ ራሱን የሚጎዳ ልጅ ካለ በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት። ያየው ነገር በቀን እየመጣበት ከወር በላይ የሚያስደነግጠው፣ ምግብ ትቶ የሚከሳ፣ ከስድስት ወር በኋላም መማርና መጫወት ያቃተው ልጅም መታየት አለበት። አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በክልል ከሪፈራል ሆስፒታል ጀምሩ። ጠበሉም ዱዓውም ከሕክምና ጋር ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ «አለፈ» ብለን እጃችንን እንሰበስባለን። ሁለተኛው ዓመት ለአንዳንድ ልጆች ከመጀመሪያው ይከብዳል፦ ጠያቂው ሄዷል፣ አባትም በእርግጥ አልተመለሰም። በአራት ዓመቱ የተነገረው ልጅ ደግሞ በዘጠኝ ዓመቱ እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ በዐሥራ አራት ዓመቱ «ሐኪም ምን አለ? ለምን ቶሎ አልወሰዳችሁትም? በዘር ይተላለፋል?» ይላል። ያን ጊዜ የሕክምናው ወረቀት ያስፈልጋችኋል። በለቅሶው ሰሞን በንዴት አትቅደዱት፤ ከልደት የምስክር ወረቀቶቹ ጋር በአንድ ፖስታ አኑሩት።